ሐኪም የጻፈውን ሐኪም ካላነበበው

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። በጽሑፍ ያለም ቢሆን ወራሽ ካላገኘ ይረሳል። በሕክምና ታሪክ ውስጥ ይህ የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ጽሑፉ በመረሳቱም የጠፋው የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ለመግለጽ የምፈልገው፣ ሐኪሞች አንዱ የሌላውን ጽሑፍ እያነበበ፣ እያሳጠረና እያስተዋወቀ ለሦስተኛው የማስተላለፍ ልማዳቸው ከየት እንደ መጣና ምን ያህል ነገር በእርሱ ላይ እንደሚንጠለጠል ነው። ጉዳዩ የሕክምና ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት መስሎት የሕግ ወይም የምሕንድስና ተማሪ የሆነ አንባቢ ገጹን እንዳይገለብጥ አደራ እላለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ፣ የአገራችንም ጭምር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንድ ሐኪም በዕድሜው ሙሉ የሚያያቸው በሽተኞች እጅግ ብዙ ቢሆኑም፣ አንዱን ብርቅ በሽታ ምናልባት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢያጋጥመው ነው። ሁለት ጊዜ የታየ ነገር ደግሞ አጋጣሚ ይሁን ሕግ ያለው ነገር ይሁን አይታወቅም። በሌላ ከተማ ያለው የሙያ ጓደኛው ያየውን ሁለት፣ በሦስተኛው ከተማ ያለው ያየውን ሦስት ሲጨምርበት ግን ነገሩ መልክ መያዝ ይጀምራል። ይህን አስቀድመው ከተረዱት መካከል በጀርመን አገር ሽቫይንፉርት በተባለች ከተማ የነበሩ አራት ሐኪሞች ይገኙባቸዋል። በ1652 አንድ ማኅበር አቋቋሙ፤ ከ1670 ጀምሮም ማኅበሩ በየአገሩ ያሉ ሐኪሞች ያዩትን እየጻፉ የሚልኩበትን ጥራዝ ማሳተም ጀመረ። በጥራዙ ውስጥ ቁም ነገሩም ተረቱም አብሮ ይገኝ ነበር፤ ሁለት ራስ ይዞ ስለ ተወለደ ጥጃ ማውራት የሚወዱ ሐኪሞች በዚያ ዘመንም አልጠፉም። ማኅበሩ ግን ሊዮፖልዲና በሚባለው ስሙ እስከ ዛሬ ይኖራል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የኤዲንብራው ነው፤ ምክንያቱም የመሠረቱት መምህራን ሳይሆኑ ተማሪዎች ናቸው። በ1734 ስድስት የሕክምና ተማሪዎች ተሰብስበው እያንዳንዱ በየተራው ስለ አንድ በሽታ እየጻፈ እንዲያነብ፣ የቀሩትም እንዲከራከሩት ተስማሙ። ከዚህ የተወለደው የተማሪዎች ማኅበር በ1778 የንጉሥ ፈቃድ አገኘ። አባሎቹ የጻፉት ጽሑፍ በእጅ እየተገለበጠ በትልልቅ ጥራዝ ይቀመጥ ነበር። ተማሪ ሳለ የዚሁ ማኅበር ሊቀ መንበር የነበረው አንድሩ ዱንካን በ1773 አንድ መጽሔት ጀመረ። የመጽሔቱም ዋና ሥራ በየአገሩ የወጡትን አዳዲስ የሕክምና መጻሕፍት እያሳጠሩ ማቅረብ ነበር፤ መጽሐፉን ለመግዛት አቅም የሌለው የገጠር ሐኪም ቢያንስ ፍሬ ነገሩን እንዲያገኝ ማለት ነው። የሌላውን ሥራ አሳጥሮ ማቅረብ የሰነፍ ሥራ የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን ከባድ ሥራ ይመስለኛል። መጽሐፉን የጻፈው ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ጽፏል፤ የሚያሳጥረው ግን የትኛው ቢቀር ሰው እንደማይጎዳ መለየት አለበት።

የትኛው ቢቀር ሰው እንደሚጎዳ በአንድ በሽታ ታሪክ ማየት ይሻላል። በሽታው የአራሶች ትኩሳት ነው። ሴት ከወለደች በኋላ የማኅፀኗ ውስጥ እንደ ክፍት ቁስል ይሆናል። በዚያ ጊዜ በአዋላጅ ወይም በሐኪም እጅ፣ በልብስ ወይም በመሣሪያ የመጣ ተሐዋስ ከገባበት፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ያንቀጠቅጣታል፤ ትኩሳት ይነሣባታል፤ ሆዷ ይነፋል፤ ከዚያም ብዙዎቹ ሳምንት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ተሐዋሱ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው መሆኑን ፓስተር በ1879 ፓሪስ ላይ አስረድቷል። ከዚያ በፊት ግን አንዳንዱ ሐኪም ከመጥፎ አየር ነው፣ አንዳንዱ መንገዱን ከሳተ ወተት ነው፣ አንዳንዱም የፈጣሪ ፈቃድ ነው ይል ነበር።

በስኮትላንድ አበርዲን ከተማ አሌክሳንደር ጎርደን የሚባል ሐኪም ነበር። ከ1789 እስከ 1792 ይኸው ትኩሳት በከተማው በተዛመተ ጊዜ፣ ያከማቸውን 77 ሴቶች በሠንጠረዥ አሰፈራቸው፤ የታመመችበትን ቀን፣ መዳኗን ወይም መሞቷን፣ በመጨረሻም ማን እንዳዋለዳት ጻፈ። ከ77ቱ 28 ሞተዋል። ሠንጠረዡ ሲነበብ በሽታው ሰፈርን ወይም አየርን ሳይሆን አዋላጆችንና ሐኪሞችን ተከትሎ እንደሚሄድ ታየ። ጎርደን ከዚህ አልሸሸም፤ እርሱ ራሱ በሽታውን ወደ ብዙ ሴቶች ያደረሰ መሆኑን በግልጥ ጻፈ። መጽሐፉ በ1795 ታተመ። ምክሩ ቀላል ነበር፤ የበሽተኛይቱ ልብስና አንሶላ ይቃጠል ወይም በደንብ ይጽዳ፣ ሐኪሙና አዋላጇም ይታጠቡ፣ ልብሳቸውም በጢስ ይታጠን የሚል ነው። ከተማው ግን ተቆጣ። ጎርደን የራሱን ጥፋት ብቻ ሳይሆን የአዋላጆቹንም ስም አንድ በአንድ ጽፎ ነበርና ፊት የሚሰጠው ጠፋ። አበርዲንን ትቶ ወደ ባሕር ኃይል ተመለሰ፤ በ1799 ሞተ። መጽሐፉን አንዳንድ የብሪታንያ ሐኪሞች ቢያነቡትም ነገሩን ከዳር የሚያደርስ አልተገኘም።

ወራሹ የተገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ ባሕር ማዶ ነው። በቦስተን ከተማ ሐኪሞች እየተሰበሰቡ ያጋጠማቸውን የሚነጋገሩበት ማኅበር ነበር። በአንድ ስብሰባ ላይ ከአባሎቹ አንዱ ያቀረበው ዜና ሰሚዎቹን አሳሰበ፦ በአራስ ትኩሳት የሞተችን ሴት አስከሬን የመረመረ ሐኪም ሳምንት ሳይሞላው ሞተ፤ በመካከሉ ያዋለዳቸው ሴቶችም በትኩሳቱ ተያዙ። ከሰሚዎቹ አንዱ በግጥሙ የታወቀው ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ነበር፤ ገና 33 ዓመቱ ነው። ሆምስ የተነሣው ከራሱ በሽተኞች አይደለም። ያደረገው ነገር ቢኖር ማንበብና መሰብሰብ ነው፤ የድሮ መጻሕፍትን አገላበጠ፤ የጎርደንን ሠንጠረዥ አገኘ፤ በየመጽሔቱ ተበታትኖ የቀረውን ወሬ ለቃቀመ፤ የሥራ ባልደረቦቹ በደብዳቤና በቃል የነገሩትን ጨመረበት። በየካቲት 1843 ለማኅበሩ አነበበው። ድምዳሜው ቁርጥ ያለ ነበር፦ ይህን በሽታ ከአንዷ ሴት ወደ ሌላይቱ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ነው፤ በተከታታይ ሁለት ሦስት ሴት የታመመችበት ሐኪምም ቢያንስ ለአንድ ወር ማዋለድ ይተው።

እንግዲህ የሆምስ ጽሑፍ በዚያው ዓመት የታተመበት መጽሔት አዲስ የተመሠረተ ነበር፤ አንድ ዓመት ቆይቶም ቆመ። አንባቢውም ጥቂት ነበር። የእኛን የመሰሉ በወረቀት እጥረት የሚንገዳገዱ መጽሔቶችን የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሰማቸው እገምታለሁ። ጽሑፉ እንደገና ሰፊ አንባቢ ያገኘው በ1855 ሆምስ በትንሽ መጽሐፍ መልክ ሲያሳትመው ነው፤ ለዚህ ያነሣሣው ደግሞ የሁለት የፊላደልፊያ መምህራን ተቃውሞ ነው። ከሁለቱ አንዱ ቻርልስ ሜግስ፣ በሽታውን በሐኪም እጅ ከማሳበብ ይልቅ በአጋጣሚ ወይም በፈጣሪ ፈቃድ ማሳበቡን እመርጣለሁ ብሎ ነበር። ነገሩን እንዳይሞት ያደረገው እንዲህ ያለ ጠላት ነው ማለት ይቻላል። ተቃውሞም አንድ የማስተዋወቅ መንገድ ነው።

በዚሁ መካከል ቪየና ላይ ሌላ ሐኪም ከሌላ በር ገብቶ እዚያው ቤት ደረሰ። በቪየና ትልቁ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ፤ በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይማሩ ነበር። በ1846 በአንደኛው ክፍል 4010 ሴቶች ወልደው 459 ሞቱ፤ በሁለተኛው 3754 ወልደው 105 ሞቱ። የከተማው ድሆች ሴቶች ይህን ሳይጻፍ ያውቁት ስለ ነበር፣ ተራቸው በአንደኛው ክፍል ቀን ሲውል እባካችሁ ወደ ሁለተኛው አግቡን እያሉ ይለምኑ ነበር። በአንደኛው ክፍል ረዳት የነበረው ሐንጋሪያዊው ኢግናዝ ዜመልቫይስ በዚህ ነገር እንቅልፍ አጣ። በ1847 ወዳጁ ኮሌችካ አስከሬን ሲያስመረምር የተማሪ ቢላዋ ወግቶት ሞተ፤ የወዳጁን አስከሬን የምርመራ ውጤት ሲያይ ከሞቱት አራሶች ጋር አንድ ሆኖ አገኘው። ነገሩ ተገለጠለት። ተማሪዎቹና ሐኪሞቹ ጧት ሬሳ ሲመረምሩበት የቆዩበትን እጅ ይዘው ወደ ወላዶቹ ይሄዱ ነበር። ከግንቦት 1847 ጀምሮ ማንም እጁን በክሎሪን ውሃ ሳይታጠብ እንዳይገባ አዘዘ። በ1848 በዚያው ክፍል ከወለዱት 3556 ሴቶች የሞቱት 45 ብቻ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው ወዲያው እንዲጽፈው ነበር። ዜመልቫይስ ግን አልጻፈም። ጽሑፍ የሚባል ነገር ከተፈጥሮው የሚጠላ ሰው መሆኑን ራሱ ኋላ ተናግሯል። ስለዚህ ወዳጆቹ ጻፉለት። የቪየና ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ፈርዲናንድ ሄብራ በታኅሣሥ 1847፣ እንደገናም በሚያዝያ 1848 ስለ ጓደኛው ግኝት አጫጭር ጽሑፎች አወጣ፤ ነገሩንም ከጄነር የፈንጣጣ ክትባት ጋር አስተካከለው። ስኮዳ የተባለው ታላቅ ሐኪም በ1849 በሳይንስ አካዳሚ ንግግር አደረገ። ራውዝ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1848 ለንደን ላይ ለሐኪሞች ማኅበር አነበበ። ሌሎችም ለሚያውቋቸው መምህራን ደብዳቤ ላኩ። አንድ ሰው እንደዚህ ያሉ ወዳጆች ካሉት ምን ይጎድለዋል ያሰኛል።

የጎደለው ከሦስቱ ደብዳቤዎች መልስ ይታያል። በኪል ከተማ የማዋለጃ ኃላፊ የነበረው ሚኻኤሊስ ደብዳቤው እንደ ደረሰው የክሎሪኑን መታጠብ አዘዘ፤ በሽታውም ቀነሰ። እርሱ ግን ከዚያ በፊት ራሱ አዋልዷት በትኩሳቱ የሞተችበት ዘመድ ነበረችው፤ በገዛ እጁ እንደ ገደላት ስለ ታመነ ጸጸቱን አልቻለውም፤ በ1848 ሕይወቱን አጠፋ። ያነበበውን ከሁሉ በላይ ያመነ እርሱ ነበር። በኤዲንብራ ያለው ታዋቂው ሲምፕሰን ደግሞ የመለሰው በንቀት ነው፤ ይህን እኛ ድሮ እናውቀዋለን፣ የእንግሊዝን ጽሑፍ አላነበባችሁም ማለት ነው የሚል ነበር። እርሱ የተረዳው በሽታው ከአራስ ወደ አራስ ይተላለፋል ማለታቸውን ነው። ዜመልቫይስ ግን ከዚህ የሰፋ ነገር ነበር የሚለው፤ ከማናቸውም የበሰበሰ ነገር፣ በሕይወት ካለ በሽተኛ ቁስልም ቢሆን፣ በእጅ ሊመጣ ይችላል ነው። ይህንም በጥቅምት 1847 በዓይኑ አይቶታል፤ የማኅፀን ነቀርሳ ያለባት ሴት ከተኛችበት ክፍል ከአሥራ ሁለት ወላዶች አሥራ አንዱ ሞቱ። ሦስተኛው ዓይነት መልስ ከየከተማው የመጣው ነው። በየከተማው የተሰማችው «የሬሳ መርዝ» የምትለው ቃል ብቻ ስለ ነበረች፣ በእኛ ሆስፒታል ሬሳ የሚነካ ሐኪም ወደ ወላድ አይቀርብም፣ ትኩሳቱ ግን አለ፣ ስለዚህ የቪየናው ነገር ውሸት ነው ብለው ዘጉት።

የወሬው አካሄድ እንዲህ ነው። ፍሬው በመጀመሪያው አፍ ሙሉ ሆኖ ይወጣና በሦስተኛው ላይ አንዲት ቃል ይቀራል። ዜመልቫይስ ሙሉውን ከነሠንጠረዡ በመጽሐፍ ያወጣው በ1861፣ ከ14 ዓመት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ መጽሐፉ እጅግ ረዝሞ፣ ግማሹም ክርክርና ቁጣ ሆኖ ነበር። ከዚያም የማይስማሙትን መምህራን ነፍሰ ገዳይ እያለ ግልጽ ደብዳቤ አሳተመ። በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ቤት ውስጥ በ47 ዓመቱ ሞተ። ሊስተር ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ስለ ማጽዳት በላንሴት መጽሔት መጻፍ የጀመረው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1867 ነው።

በኔ አስተያየት ለዚህ ሄብራን መውቀስ አይገባም። ወዳጁ ዝም ሲል የተናገረ እርሱ ነው። ነገር ግን የወዳጅ ምስጋና ለሩቅ አንባቢ የሚሰጠው ነገር ትንሽ ነው። በኪል ወይም በፕራግ ላለ ሐኪም ግኝቱ እንደ ጄነር ክትባት ታላቅ ነው ቢሉት አይጠቀምም። የሚጠቀመው ስንት ወለዱ፣ ስንት ሞቱ፣ እጁ በምን ታጠበ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ከሬሳ ሌላስ ምን ተጠረጠረ የሚለውን ሲያገኝ ነው። ሆምስ ይህን አውቋል፤ የሰበሰበውን ሁሉ ከነምንጩ ከነቁጥሩ አስቀመጠ፤ ተቃዋሚዎቹም የሚያጠቁት ወሬ ሳይሆን ሠንጠረዥ ሆነባቸው። የሌላውን ጽሑፍ የሚያስተዋውቅ ሰው ከውዳሴው አንድ አንቀጽ ቀንሶ በዚያው ቦታ ቁጥሩን ቢያስገባ ለወዳጁም ለበሽተኛውም ይበጃል። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች በየእትሙ ሁለት ገጽ ቢለቁልን፣ በየትምህርት ክፍሉ ያለ ተማሪ ከሌላ ክፍል ተማሪ የምርምር ጽሑፍ አንዱን በዚህ ዓይነት አሳጥሮ ቢያቀርብ፣ በየዓመቱ ተጽፎ በመደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣው የመመረቂያ ጽሑፍ አንድ ሁለት አንባቢ ያገኝ ነበር።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ሐኪም የሚጽፈው ስለ ሌላ ሰው ሥጋ ነው። ጎርደን የሴቶቹንም የአዋላጆቹንም ስም ጽፏል፤ በዘመኑ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ዛሬ ግን የበሽተኛን ስም ያለ ፈቃዱ ማውጣት በሙያው ሕግ የተከለከለ ነው። ችግሩ ስም በማስቀረት ብቻ አያልቅም። በትንሽ ከተማ ውስጥ የበሽተኛውን ዕድሜ፣ ሥራና የታመመበትን ወር የጻፈ ሐኪም ስሙን ከመጻፍ አልተለየም። ጽሑፉ ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው በተላለፈ ቁጥር ደግሞ የበሽተኛው ምሥጢርም አብሮ ይጓዛል። ስለዚህ አስተላላፊውም እንደ ጸሐፊው ተጠያቂ ነው።

በአገራችን ሐኪሞች ያዩትን ለሙያ ጓደኞቻቸው የሚያካፍሉበት የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት በ1962 ተመሠረተ። መጽሔቱ ገና ልጅ ሳለ በ1965 ያወጣው አንድ አጭር ጽሑፍ ከላይ ከተነገረው ታሪክ ጋር በብዙ መንገድ ይመሳሰላል። ጸሐፊው ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው፤ ሙያው የጥገኛ ተሐዋስያን ምርምር ነበር። በ1964 ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አየ። የቢልሃርዚያ ትል በሰው ቆዳ ከመግባቱ በፊት በውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ አካል ማደግ አለበት፤ ቀንድ አውጣው ከሞተ መንገዱ ይቆረጣል። አክሊሉ ይህን በቤተ ሙከራ ፈትኖ ጻፈው። እንዶድ ሳሙና መሆኑን ሴቶቹ ከእናቶቻቸው በቃል ወርሰውታል፤ በዚህ በኩል ተረቱ ተሳስቷል። ቀንድ አውጣ መግደሉን ግን በሌላ አገር ያለ ሐኪም ሊያውቅ የሚችለው ተጽፎ ሲደርሰው ብቻ ነው።

ደረሰውም። ነገር ግን ተቀባይነቱ ዘገየ። ለወንዝና ለሰው ጤና አደገኛ እንዳይሆን በውጭ አገር ቤተ ሙከራዎች እንደገና ካልተመረመረ አይሆንም ተባለ፤ ምርመራውም ብዙ ዓመት ፈጀ። አክሊሉና የሥራ ጓደኛው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ስለዚሁ ሥራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ነው። ከዚያ አስቀድሞ ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ ወንዞች ላይ እንዶድ እየተጨመረ በተደረገው ሙከራ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉት ሕፃናት መካከል ቢልሃርዚያ የያዛቸው ከመቶ 50 የነበሩት ወደ 7 ወርደው ነበር። ሙከራው የተዘረዘረበት ጽሑፍ በአንድ የጀርመን የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ግን በ1983፣ ሥራው ካለቀ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።